በዋስና በግብር መዝገብ የተረፈ ስም

የሼክስፒር ቤተሰብ በእንግሊዟ ስትራትፎርድ ከተማ መዝገብ ላይ የገባው በፍግ ምክንያት ነው። በ1552 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጆን ሼክስፒር የሚባል ጓንት ሰፊ ሄንሊ በተባለው መንገድ ዳር የፍግ ክምር ከምሮ በመገኘቱ 1 ሽልንግ ተቀጣ። አብረውት ከተቀጡት ሁለት ጎረቤቶች አንዱ አድሪያን ኩዊኒ ይባላል። ይህን የኩዊኒ ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከ100 ዓመት በላይ ከሼክስፒሮች ጋር እየተጠላለፈ ይዘልቃል።

ጆንን ቅጣቱ ወደኋላ አላስቀረውም። ንግዱም ክብሩም አድጎ በ1568 የከተማዋ ዋና ሹም ለመሆን በቃ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1564፣ የቅድስት ሥላሴ ደብር ጸሐፊ የጆን ልጅ ዊልያም መጠመቁን በላቲን በአንዲት መስመር አስፍሮ ነበር። የተወለደበትን ቀን አልጻፈም፤ ደብሩ የሚመዘግበው ጥምቀትን እንጂ ልደትን አልነበረም። ዓለም ኤፕሪል 23ን የልደቱ ቀን ብሎ የሚያከብረው በግምት ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ እዚያው መዝገብ ውስጥ ቸነፈር መግባቱን የሚያመለክት አጭር የላቲን ቃል ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ የቀብሩ ዝርዝር እየረዘመ ሄዶ ዓመቱ ሳያልቅ ከ200 በላይ ሰው ተቀበረ። ሕፃኑ ዊልያም ከተረፉት ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው መዝገብ ራሱ የመጀመሪያው አይደለም። በ1600 አካባቢ አሮጌዎቹ የወረቀት መዝገቦች ወደ ብራና እንዲገለበጡ በታዘዘ ጊዜ የተጻፈ ግልባጭ ነው።

ስለ ትምህርቱ አንድም ወረቀት የለም። ቀጥሎ የምናገኘው የ18 ዓመት ወጣት ሆኖ በጥድፊያ ሲያገባ ነው። ኖቬምበር 27 ቀን 1582 የዉስተር ጳጳስ ጽሕፈት ቤት ለዊልያም የጋብቻ ፈቃድ መስጠቱን ሲመዘግብ ሙሽራዪቱን የቴምፕል ግራፍተኗ አን ዌትሊ ይላታል። በማግስቱ ሁለት የስትራትፎርድ ገበሬዎች በ40 ፓውንድ ዋስ በሆኑበት ሰነድ ላይ ግን ሙሽራዪቱ የስትራትፎርዷ አን ሃታዌይ ናት። ከዚህች ልዩነት ተነሥተው ሁለት ሴቶችንና አንድ የከሸፈ ፍቅር የፈለሰፉ ጸሐፊዎች አልጠፉም። ነገሩ ግን ያን ያህል አይመስልም፤ ጽሕፈት ቤቱ በዚያው ቀን ዌትሊ የተባለ ሰው ያለበትን ሌላ ክርክር ሲያይ ስለዋለ፣ የደከመው ጸሐፊ ስሙን ከዚያኛው ወደዚህኛው ሳያሻግረው አልቀረም። ዋስ ያስፈለገው በቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ መታወጅ የነበረበት ጋብቻ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲታወጅ ስለተለመነ ነው። የጥድፊያው ምክንያት ከስድስት ወር በኋላ በስትራትፎርድ መዝገብ ላይ ይገኛል፦ ሱዛና ሼክስፒር ሜይ 26 ቀን 1583 ተጠመቀች። አባቷ ገና 19 ዓመቱ፣ እናቷ ወደ 27 ትጠጋለች። በፌብሩዋሪ 1585 መንታዎቹ ሃምኔትና ጁዲት ተከተሉ።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ ሰባት ዓመት ያህል ዝም ይላል። ወላጆቹ በመሬት ጉዳይ በተሟገቱበት አንድ መዝገብ ላይ ስሙ ከመነሣቱ በቀር የት እንደነበረ የሚናገር ሰነድ አልተገኘም። የባላባት አጋዘን ሰርቆ ተሰደደ፣ የገጠር መምህር ነበር፣ በቲያትር ቤት በር ላይ የታዳሚ ፈረስ ይጠብቅ ነበር የሚሉት ወሬዎች ሁሉ ከሞተ በኋላ የመጡ ናቸው።

ዝምታውን የሰበረው ስድብ ነው። በ1592 ሮበርት ግሪን የተባለ በዩኒቨርሲቲ የተማረ የለንደን ደራሲ በድህነት ሞተ፤ ወዲያው በስሙ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ታተመች። በውስጧ አንድ ያልተማረ ተዋናይ በሌሎች ላባ አጊጦ ራሱን ከደራሲዎች ተርታ አሰለፈ የሚል ቁጣ አለ፤ ሰውዬው ማን እንደሆነ እንዳይሳት ደግሞ የሼክስፒር ስም ተጣምሞ ተጽፏል። በዚያው ዓመት ማብቂያ መጽሐፏን ለኅትመት ያዘጋጀው ሄንሪ ቼትል በሌላ ጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰውዬውን በዓይኑ አይቶ ጨዋ ሆኖ እንዳገኘው፣ የተከበሩ ሰዎችም ስለ ሐቀኝነቱ እንደመሰከሩለት ገለጸ። ስለ ደራሲነቱ የተጻፈው የመጀመሪያው ቃል እንግዲህ የምቀኛ ቃል ነው። ለእኔ ግን ከስድቡ ይልቅ ይቅርታው ይከብዳል፤ በ28 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አሳታሚን ቃሉን እስከ ማሳጠፍ የሚደርሱ ወዳጆች እንደነበሩት ያሳያልና።

በተከታዩ ዓመት ቸነፈር ቲያትር ቤቶችን ሲዘጋ «ቬነስ እና አዶኒስ» የተባለውን ረጅም ግጥሙን አሳተመ። አታሚው ሪቻርድ ፊልድ የስትራትፎርድ ልጅ ነበር። መጽሐፉን ገዝቶ ግዢውን በመዝገብ የጻፈ መጀመሪያ የምናውቀው ሰው ሪቻርድ ስቶንሊ ይባላል፤ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሹም ነው። ጁን 12 ቀን 1593 ይህንንና ሌላ አንድ መጽሐፍ በድምሩ በ12 ፔንስ መግዛቱን በዕለት ወጪ ደብተሩ አስፍሯል። ስቶንሊ በኋላ የግምጃ ቤቱን ገንዘብ አጉድሎ ተገኘና ወኅኒ ወረደ። ለራሱ ኪስ ሒሳብ የተጠነቀቀውን ያህል ለመንግሥት ሒሳብ አልተጠነቀቀም ማለት ነው።

ከ1595 ጀምሮ ወረቀቱ ይበዛል። በማርች ወር የቤተ መንግሥቱ ሒሳብ ያለፈው ገና ሰሞን በንግሥት ኤልሳቤጥ ፊት ለታዩ ተውኔቶች 20 ፓውንድ መከፈሉን ይገልጻል፤ ተቀባዮቹ ሦስት ናቸው፦ ዊልያም ኬምፕ፣ ዊልያም ሼክስፒርና ሪቻርድ በርቤጅ። ኬምፕ በጊዜው ስመ ጥር ቀልደኛ ነበር፤ በርቤጅ ደግሞ ኋላ ሃምሌትን የተጫወተው ነው። ኦገስት 11 ቀን 1596 የስትራትፎርድ መዝገብ የ11 ዓመቱን ልጁን የሃምኔትን ቀብር ይነግረናል። ከአንዲት መስመር በላይ የለውም። አባቱ በቀብሩ ላይ ይኑር አይኑር፣ አልቅሶ ይሁን አይሁን ጸሐፊውን አይመለከተውም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ጆን ሼክስፒር የጨዋ ቤተሰብ ዓርማ እንዲይዝ ተፈቀደለት። ዓርማው ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ የሚረከበው ወንድ ልጅ ግን ዓርማው ሳይመጣ አፈር ለበሰ።

በ1597 ዊልያም በትውልድ ከተማው ካሉት ታላላቅ ቤቶች አንዱን ገዛ፤ በሰነዱ ላይ የተጻፈው ዋጋ 60 ፓውንድ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የለንደን ግብር ሰብሳቢዎች በቢሾፕስጌት ሠፈር ካልከፈሉት ሰዎች መካከል መዘገቡት፤ ዕዳው 5 ሽልንግ ነው። በፌብሩዋሪ 1598 ደግሞ እህል በተወደደበት ጊዜ ስትራትፎርድ ውስጥ ብቅል ያከማቹ ሰዎች ሲቆጠሩ 10 ኳርተር ይዞ ተገኘ። ሰው ሲራብ ብቅል የሚያከማች፣ ቤት እየገዛ 5 ሽልንግ ግብር የሚያጓድል! ብዙዎች ይህን ሲያነቡ ያዝናሉ፤ የ«ሮሚዮና ዡልየት» ደራሲ እንዲህ አይሆንም ባይ ናቸው። የብቅሉ ዝርዝር ግን የከተማዋን ትላልቅ ሰዎች ሁሉ የያዘ ነው፤ ስትራትፎርድ በብቅል ንግድ የምትተዳደር ከተማ ነበረች። ግብሩም ቢሆን ሰውዬው ሠፈር ከቀየረ በኋላ የተጠየቀ ይመስላል። ይህን የምለው ላመጻድቀው አይደለም። ግብር ሰብሳቢ የሚያየው የሰውን ዕዳ ብቻ ነው፤ ተውኔቱን አይቶት እንኳ ቢሆን በመዝገቡ ላይ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ኩዊኒዎች ልመለስ። በ1598 መኸር የዚያ የፍግ ተቀጪ የአድሪያን ልጅ ሪቻርድ ኩዊኒ ለንደን ነበር። ስትራትፎርድ በ1594ና በ1595 በእሳት ተቃጥላ፣ እህሉም ተበላሽቶ ስለነበር ግብር እንዲቀነስላት ሊማለድ ተልኮ ነው። የቤተ መንግሥት ደጅ ጥናት ገንዘብ ይበላል። ኦክቶበር 25 ካረፈበት ቤል ከተባለ የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ለአገሩ ልጅ ለሼክስፒር ደብዳቤ ጻፈ፤ ለንደን ውስጥ ያለበትን ዕዳ የሚከፍልበት 30 ፓውንድ እንዲያበድረው ለመነ፤ ዋሶቹን ጠራ፤ ገንዘቡ እንደማይጠፋበት ማለ። ዛሬ ለሼክስፒር ከተጻፉት ደብዳቤዎች ያለ ጥርጥር የተረፈው ይህ ብቻ ነው። የተረፈውም ባለመላኩ ነው። ሼክስፒር እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ሌሎቹ ወረቀቶቹ ሁሉ በጠፋ ነበር፤ የተገኘው ግን ከራሱ ከላኪው ወረቀቶች መካከል ነው። ምናልባት መልእክተኛ ከመላኩ በፊት ሁለቱ በአካል ተገናኝተው ይሆናል፤ ምክንያቱም ኩዊኒ በዚያው ቀን አገር ቤት ላለ ጓደኛው ለአብርሃም ስተርሊ፣ የአገራችን ልጅ ገንዘቡን ያመጣልናል ብሎ ጽፎለታል። የስተርሊ መልስ ጥርጣሬ የተጫነው ነው፦ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሆነ ስሰማ ያን ጊዜ ደስ ይለኛል ዓይነት። ኩዊኒ ልመናው ሠምሮለት ግብሩ ቀለለ፤ በ1602 የከተማዋ ሹም ሆኖ ሳለ ጠብ ለመገላገል ገብቶ ተመትቶ ሞተ። ወረቀቱ በከተማው ማኅደር ውስጥ ገባና ደብዳቤው ለ200 ዓመት ያህል ተኛ።

በዚያው በ1598 መኸር ፍራንሲስ ሜሬስ የተባለ ጸሐፊ የእንግሊዝ ደራሲዎችን ከግሪክና ከሮም ሊቃውንት ጋር እያነጻጸረ ባሳተመው መጽሐፍ ሼክስፒርን አወድሶ 12 ተውኔቶቹን በስም ጠራ። ስሙ በተውኔት መጽሐፍ የፊት ገጽ ላይ መታተም የጀመረውም ከዚህ ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ተውኔቶቹ ሲታተሙ የደራሲው ስም አይነሣም ነበር፤ ገዢ የሚስበው የቲያትር ቡድኑ ስም ነው። ነጋዴ አሳታሚዎች ስሙን ፊት ገጽ ላይ ያወጡት ያ ስም መጽሐፍ መሸጥ ስለጀመረ መሆኑ አያጠራጥርም።

በ1603 ንጉሥ ጄምስ ሲነግሥ ቡድኑ የንጉሡ አገልጋይ ተባለ፤ በተከታዩ ዓመት ለንጉሡ የሰልፍ በዓል ለሼክስፒር 4 ያርድ ተኩል ቀይ ጨርቅ ተሰፍሮ መሰጠቱን የቤተ መንግሥቱ አልባሳት መዝገብ ያሳያል። ኖቬምበር 1 ቀን 1604 «የቬኒሱ ሙር» በቤተ መንግሥት አዳራሽ ታየ፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት «ኦቴሎ» ማለት ነው። የበዓላት ሹሙ ጸሐፊ በዚያ ሒሳብ ላይ የደራሲውን ስም ጆሮው እንደሰማው «ሻክስበርድ» ብሎ ጽፎታል። በንጉሥ ፊት ተውኔቱ እየታየ ስሙን አስተካክሎ የሚጽፍለት አላገኘም።

በዚህ ጊዜ ሼክስፒር የሚኖረው ለንደን ውስጥ ሲልቨር በተባለ መንገድ፣ ክሪስቶፈር ማውንትጆይ በሚባል ፈረንሳዊ ስደተኛ ቤት ተከራይቶ ነው። ማውንትጆይ ለወይዛዝርት የራስ ጌጥ ይሠራል። እስጢፋን ቤሎት የተባለ ሙያ ተማሪ ነበረው፤ ሜሪ የተባለች ሴት ልጅም ነበረችው። የቤቱ እመቤት ልጇን ለእስጢፋን መዳር ፈለገች፤ ልጁ ግን አመነታ። ስለዚህ ተከራያቸውን ሽማግሌ አድርጋ ላከችው። ሼክስፒር ሽምግልናው ሠመረለት፤ በኖቬምበር 1604 ሁለቱ ተጋቡ። ስምንት ዓመት ቆይቶ ግን አማች አማቱን ከሰሰ፤ ሲያገባ 60 ፓውንድ፣ ሲሞት ደግሞ በኑዛዜ 200 ፓውንድ እሰጥሃለሁ ብሎ አስቀረብኝ አለ። ሼክስፒር ሜይ 11 ቀን 1612 ለምስክርነት ቀረበ።

ከሰነዶቹ ሁሉ ድምፁን በጣም የምሰማው በዚህ ቃል ውስጥ ነው፤ ምንም እንኳ የፍርድ ቤት ጸሐፊ በሦስተኛ ሰው የጻፈው ቢሆንም። ዕድሜው 48 ዓመት ያህል መሆኑን፣ ሁለቱንም ወገኖች 10 ዓመት ያህል እንደሚያውቃቸው ይናገራል። እስጢፋን ታማኝ ሠራተኛ እንደነበረ ይመሰክራል። እመቤቲቱ አማላጅ እንዳደረገችው አይክድም። ገንዘብ ቃል መገባቱንም ያምናል። ስንት ነበር ሲባል ግን አያስታውስም፤ መቼ ይከፈል ነበር ሲባልም አያስታውስም። ሌላ ምስክር 50 ፓውንድ ያህል ነው ብሎ ሼክስፒር ራሱ ነግሮኝ ነበር አለ። በሺህ የሚቆጠር ስንኝ በቃሉ የሚይዝ ተዋናይ የ50ና የ60 ፓውንድ ነገር እንዴት ጠፋው? ያስታረቃቸውን ሁለት ወገኖች ላለመበደል ዕውቀቱን የዋጠ ሽማግሌ ይመስለኛል። ቃሉን በእጁ ስሙን አሳጥሮ ፈረመበት። ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ለፈረንሳውያኑ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መራው፤ እነሱም ለእስጢፋን 7 ፓውንድ የማይሞላ ፈረዱለት፤ አማቱ ዓመት አልፎም አልከፈለም።

በማርች 1613 ለንደን ብላክፍራየርስ አጠገብ በ140 ፓውንድ ቤት ሲገዛ በሽያጩና በመያዣው ውል ላይ ሁለት ጊዜ ፈረመ። የቀሩት ሦስት ፊርማዎች ማርች 25 ቀን 1616 በተጻፈው ኑዛዜው ላይ ናቸው፤ ያለ ክርክር የእሱ ናቸው የሚባሉት ስድስቱም እነዚህ ናቸው።

ኑዛዜው ሦስት ቅጠል ነው፤ የተሰረዘና የተደለዘ። ልጁ ጁዲት ከወር ተኩል በፊት የሟቹን የሪቻርድ ኩዊኒን ልጅ ቶማስን አግብታለች። 30 ፓውንድ የለመነው ሰው ሳይኖር አማች ሆነ ማለት ነው። ደስታው ግን ወዲያው ደፈረሰ፤ ቶማስ ሌላ ሴት አስረግዞ ሴቲቱ በወሊድ ሞተች፤ እሱም ኑዛዜው በተፈረመ ማግስት በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ። በኑዛዜው ላይ አማች የሚለው ቃል ተሰርዞ በምትኩ የጁዲት ስም ገብቷል፤ ለእሷ የተተወውም ገንዘብ ባሏ እጁን እንዳይሰድበት በቅድመ ሁኔታ ታጥሯል። ቤቱና መሬቱ ለሱዛና ሆነ። ለሚስቱ የሰጠው ሁለተኛውን ደኅና አልጋ ነው፤ ይህም ኋላ በመስመር መካከል የተጨመረ ነው። እንዲሁ በመስመር መካከል የተጨመረ ሌላም አለ፦ ለሦስት የቲያትር ባልደረቦቹ፣ ለበርቤጅ፣ ለሄሚንግስና ለኮንዴል፣ የመታሰቢያ ቀለበት መግዣ ለእያንዳንዳቸው 26 ሽልንግ ከ8 ፔንስ። ስለ መጽሐፍም ሆነ ስለ ተውኔት አንዲት ቃል የለም። ኤፕሪል 25 ቀን 1616 ተቀበረ።

ከተውኔቶቹ ግማሹ በዚያ ቀን አልታተመም ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ሄሚንግስና ኮንዴል 36 ተውኔቶቹን በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ፤ 18ቱ ከዚያ በፊት በኅትመት አልወጡም፤ «ማክቤዝ» እና «ጁሊየስ ቄሳር» ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ዲሴምበር 5 ቀን 1623 ኤድዋርድ ዴሪንግ የተባለ ባላባት ሁለት ቅጂ በ2 ፓውንድ መግዛቱን በወጪ ደብተሩ ጻፈ። እንደገና የወጪ ደብተር!

ሕይወቱን ከሰው አፍ ለመስማት የነበረው ዕድል ያመለጠው በስትራትፎርድ ነው። በ1662 ወደ ደብሩ የመጣው ካህን ጆን ዋርድ የሼክስፒርን ተውኔቶች ማንበብ እንዳለበት፣ እንዲሁም ወይዘሮ ኩዊኒን ማየት እንዳለበት በማስታወሻው ጽፏል። ወይዘሮ ኩዊኒ ጁዲት ናት፤ 77 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ተቀበረች፤ ዋርድ አግኝቶ ያነጋገራት ስለመሆኑ በማስታወሻው የለም።

ዝናው በገነነ ቁጥር ወረቀቱ ያነሰ መሰለ። በ1747 ጆሴፍ ግሪን የተባለ የስትራትፎርድ ካህን የኑዛዜውን ግልባጭ አገኘና አዘነ፤ የዚያ የታላቅ ገጣሚ መንፈስ ብልጭታ እንኳ የሌለበት ደረቅ ነገር ሆነበት። የሼክስፒር ምሁሩ ኤድመንድ ማሎን የኩዊኒን ደብዳቤ በ1793 ከስትራትፎርድ ወረቀቶች መካከል አወጣ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ በመቃብሩ ላይ የቆመውን ባለ ቀለም ምስል በነጭ ቀለም አስለቀለቀው፤ ሊቅነት ከሁሉ ጥፋት አያድንም። ከዓመት በኋላ ዊልያም ሄንሪ አየርላንድ የተባለ የ19 ዓመት የሕግ ባለሙያ ጸሐፊ ሰዎች የናፈቁትን ሁሉ እየጻፈ ማውጣት ጀመረ፦ ለአን የተላከ የፍቅር ደብዳቤ ከነጸጉር ቁራጩ፣ የንግሥቲቱ የምስጋና ቃል፣ በመጨረሻም ሙሉ ተውኔት። የዶክተር ጆንሰንን ታሪክ የጻፈው ጄምስ ቦስዌል ተንበርክኮ ወረቀቶቹን ሳማቸው። ማሎን በ1796 ከ400 ገጽ በላይ በሆነ መጽሐፍ ሐሰተኛነታቸውን አጋለጠ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ተውኔቱ በድሩሪ ሌን ቲያትር ሲታይ ታዳሚው በሳቅ ገደለው። የሐሰት ወረቀት ጉዳቱ እውነተኛውንም ማስጠርጠሩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ፔይን ኮሊየር የተባለ ምሁር በሰነዶች ላይ ሐሰት ጨምሮ በመያዙ፣ ያ «ሻክስበርድ» የሚለው የ1604 የቤተ መንግሥት ሒሳብም ለብዙ ዓመት እንደ ሐሰት ተቆጥሮ ቆይቶ ነው ኋላ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠው።

የማውንትጆይ ክርክር የተገኘው በ1909 ነው። ቻርልስ ዋላስ የተባለ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ መምህርና ባለቤቱ ኸልዳ ለንደን በሚገኘው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ውስጥ ማንም ያልነካቸውን የፍርድ ቤት ጥቅሎች ለዓመታት ሲፈቱ ቆይተው ከማንም የከሳሽና ተከሳሽ ወረቀት መካከል ያቺን ፊርማ አወጡ። የቤት እመቤት፣ ተከራይ፣ ሠራተኛና ሠርግ ያለበት የሼክስፒር የለንደን ኑሮ እስከዚያ ቀን ድረስ አይታወቅም ነበር። ዋላስ ግን በእንግሊዝ ምሁራን ዘንድ የጠበቀውን ክብር አላገኘም፤ እየተሰለለ እንደሆነም ይጠረጥር ነበር። በመጨረሻ ቴክሳስ ገብቶ ነዳጅ ቁፋሮ ጀመረና ሀብታም ሆነ፤ ሌላ እንዲህ ያለ ሰነድ ሳያወጣ በ1932 ሞተ።